ጨጓራ ነው ያልከኝ

…ቀስ ብለሽ ልቀቂው አልከኝ፣ ውድ ኡዘይር፣ ክላቹን፤ መኪናው ዘለለና ጠፋ። ሳቅክ። ተፍኪ መንገድ ላይ ነበርን፣ ግራና ቀኙ ጤፍ፣ ከፊታችን አንድ ጋሪ። “እንደገና አስነሺው” አልከኝ። ሬዲዮው ተከፍቷል። አንድ ጋዜጠኛ፣ የአየር ጠባይ በሚነበብበት ድምፅ፣ ሴቶች ከወንዶች የበለጠ ዓመት እንደሚኖሩ ያወራል። በእኛም አገር በሌላውም አገር እንደዚያው ነው አለ። ምክንያቱ ብዙ ነው አለ። ምክንያቶቹን ሳንሰማ ሙዚቃ ገባ። አንተ ወደ እኔ ዞረህ፣ “ሰማሽ? መንዳት ለምን እንደሚያስፈልግሽ አሁን ገባሽ?” አልከኝ።

ሳቅኩ። ያን ሳቄን መልስልኝ።

ደብዳቤ እንዲህ አይጀመርም፣ አውቃለሁ። ሰላምታ ይቀድማል፣ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል ይባላል። ጤናህንማ በሕይወት እያለህ ጠይቄህ ነበር።

“ጨጓራ ነው።”

ጠዋት ስትነሳ ጨጓራ ነው። የቤታችንን ደረጃ ወጥተህ ግድግዳ ስትደገፍ ጨጓራ ነው። ላብ ሲያጠምቅህ፣ በጥላ፣ ቁጭ ብለህ፣ ጨጓራ ነው። እኔም አመንኩህ። ተልባ ፈጨሁልህ። አብሽ ዘፍዝፌ በባዶ ሆድህ አጠጣሁህ። በርበሬ ከቤታችን ወጣ። ራያ፣ “አባዬ ነው የታመመው ወይስ እኛ?” ብላ እስክታላግጥ ድረስ ቤቱ ሁሉ አልጫ በላ። አሁን የሚመጣው ሰው ሁሉ፣ “ራስሽን አትውቀሺ” ይለኛል። ራሴን አልወቀስኩም። አንተን ነው የምወቅሰው። ይህ ለሰው ለምን እንደማይገባው አላውቅም።

የምጽፍልህ በስልኬ ነው፣ በአውራ ጣቴ። ከተማ መሃል አንድ የልብ ሐኪም ያለበት ክሊኒክ ኮሪደር ላይ ተቀምጫለሁ። አጠገቤ ወንድምህ ሐምዱ አለ። አኩርፎኛል። ስሙን እስኪጠሩ እንጠብቃለን፣ እሱ ካልሸሸ። ዓይኔን ከስልኩ ሳላነሳ በጎን ጫማውን አያለሁ። ጫማው አሁንም አለ።

እዚህ እንዴት እንደደረስን ልንገርህ። ለአንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? ደግሞም መስማት አለብህ። ዝም ብለህ የሄድክ ሰው ቢያንስ መስማት አለብህ።

አንተ ዓርብ ቀን፣ ከጁምዓ መልስ፣ ሰበታ ሱቃችን ውስጥ ሲሚንቶ ላይ ቁጭ እንዳልክ ቀረህ። ሚስማር የሚገዛው ሰው ያሸለብክ መስሎት ቆሞ ጠብቆሃል። ሐኪም ቤት ያደረሱህ ለወጉ ያህል ነው። እዚያ አንድ ወጣት ሐኪም፣ የራያ እኩያ የሚመስል፣ “ልቡ ነው” አለኝ። “ቆይቷል።” ቆይቷል የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ እስካሁን አልወጣም። የት ነበር የቆየው? ከእኔ ጋር አንድ ቤት ውስጥ? አንድ አልጋ ላይ?

የት እንደቆየ የነገረኝ በሪሁን ነው። ያ ፋርማሲስት ጓደኛህ። ለቅሶ ሊደርስ መጣ፣ ተቀመጠ፣ ኮፍያውን እጁ ላይ አዟዟረ፣ ከዚያ እንደ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ።

“ነግሬው ነበር እኮ፣ እህቴ። ግራ እጄን ይደነዝዘኛል ሲለኝ፣ ተው ይሄ ጨጓራ አይደለም፣ ልብ ሐኪም ዘንድ ሂድ ብዬዋለሁ። ለምኜዋለሁ።”

“መቼ?”

“ክረምቱ ሳይገባ።”

“እኔን ለምን አልነገርከኝም? በፋርማሲህ በር እኮ በየቀኑ ነው የማልፈው።”

“ሴቶቹ እንዳይሰሙ፣ ይጨነቃሉ አለኝ።”

ሴቶቹ። እኔና ራያ ማለትህ ነው። ማታ ማታ ሱቁ በር ላይ ወንበር ዘርግታችሁ የምትስቁት ሁሉ ያውቁ ነበር፣ ኡዘይር። በሪሁን ያውቃል። ሐምዱ ያውቃል። ፊት ለፊት ጎማ የሚጠግነው ሰውዬ ሳይቀር ያውቃል። እጅህ የሚደነዝዝ መሆኑን ሰፈሩ ሲያውቅ፣ ያቺኑ እጅ አንገቷ ስር አድርጋ የምትተኛው ሴት አታውቅም። ምን ዓይነት ወንድነት ነው ይሄ? ምን ዓይነት ጓደኝነት ነው? ሁሉም ቀብርህ ላይ ተሰልፈው አለቀሱ። ጎበዝ ነበር አሉ። አንድ ቀን አመመኝ ሳይል አሉ። ለዚህም ያደንቁሃል!

በሪሁን ከወጣ በኋላ ነገሩን ሳገጣጥመው ዋልኩ። እሱ የነገረህ ክረምት ሳይገባ ነው። በመስከረም መኪና ካላስተማርኩሽ ብለህ ተነሳህ። ከዚያ የጋዙን ሲሊንደር እንዴት እንደምቀይር። ከዚያ የውሃ ፓምፑ ሲቆም የትኛውን ማጥፊያ እንደምነካ። ከዚያ ጣሪያው የሚያፈስበትን ቦታ፣ የሚሠራውን ሰው ስም፣ የሚዋሽበትን ዋጋ። እኔ ደግሞ ምን መሰለኝ መሰለህ? ፍቅር መሰለኝ። ከስንት ዓመት በኋላ ከእኔ ጋር መዋል ጀመረ ብዬ ለእህቴ ነገርኳት። ደስ ብሎኝ ተኳልኩ። ተፍኪ መንገድ ላይ፣ ያን ጋሪ እየተከተልን፣ አንተ ያለ አንተ መኖር እያለማመድከኝ ነበር።

አስተማርከኝ። አልነገርከኝም።

ለመሞትህ ይህን ያህል ከተዘጋጀህ፣ ከዚያ ሩቡን ለመኖር ብታደርገው ምን ነበረበት?

ከዚያ ዒዳዬ ተጀመረ። ባሏ የሞተባት ሴት ጊዜዋ እስኪያልቅ ካልቸገራት በቀር ከቤቷ አትወጣም፣ አትኳልም፣ ሽቶ አትነካም፤ ታውቃለህ፣ እናትህም ጠብቃዋለች። ዒዳውን አልጠላሁትም። ለሴት ተቀምጣ የምታዝንበት ጊዜ ተሰጣት፣ እኔ የገባኝ እንዲህ ነው። የጠላሁት ሌላ ነገር ነው። አንተን ግማሽ ቀን ሐኪም ቤት አግዳሚ ላይ መቀመጥ ከበደህ፤ እኔ ወራት ሙሉ ሳሎን ተቀመጥኩልህ።

ጎረቤታችን ጠጅቱ ትመጣ ነበር። በጓሮ በር ትገባለች፣ “አካም ቡልቴ፣ ሬሐና?” ብላ እንዴት እንዳደርኩ ትጠይቃለች፣ መልሴን ሳትጠብቅ ትቀመጣለች። ባሏን ታስታውሰዋለህ፣ የከባድ መኪናው ሾፌር፤ ገላን ላይ መኪናውን ጥግ አስይዞ፣ መሪው ላይ ተደፍቶ የተገኘው።

“የኔው ቁርጠት ነው ብሎ ሄደ፣ ያንቺው ጨጓራ ነው ብሎ” አለችኝ አንድ ቀን። “እነዚህ ሰዎች ሲሞቱ እንኳ ይዋሻሉ።”

ሳቅ አመለጠኝ። በለቅሶ ቤት። አፌን በሻሼ ያዝኩ።

“ሳቂ፣ ሳቂ” አለች። “እኔና አንቺ እንደሆን ገና ብዙ ዓመት አለን። በምን ልንጨርሰው ነው?”

በምን ልንጨርሰው ነው፣ ኡዘይር? ሰው ረጅም ዕድሜን እንደ ሽልማት ያወራዋል። ያ የሬዲዮ ሰውዬም እንደዚያ ነው ያወራው፣ ሴቶቹ አሸነፉ በሚል ዓይነት። ማንን ነው ያሸነፍኩት? በአንተ በኩል ያለውን የአልጋውን ጠርዝ? ቤተሰባችሁን አስበው እስቲ። አባታችሁ ቡራዩ ሱቅ ውስጥ ቀረ፣ ገና ፂሙ ሳይሸብት። አጎታችሁ ሱሉልታ ብረት ሲያወርድ። እናታችሁ ግን እስከ ዛሬ ምርኩዟን ይዛ ሁሉንም ትቆጣለች፣ አክስቶቻችሁም አሉ። በዒድ ቀን የሴቶቹ ክፍል መቀመጫ ይጠፋበታል፣ አንዷ ሌላዋ ጭን ላይ ትወጣለች። ወንዶቹ ክፍል ሳህን ላደርስ ስገባ የምንጣፉን አበባ አየዋለሁ። ምንጣፉ ሙሉ በሙሉ ይታያል። ይህን አንድ ሰው እንኳ ቁጭ ብሎ ለምን አላለም? ሁሉም የየራሱን ሐዘን አዝኖ፣ አላህ ያለው ነው ብሎ፣ ተነስቶ ሲሚንቶ ተሸከመ። አላህ ያለውንማ ማን ይክዳል። ልብህን አትታይ ብሎሃል ግን? የት ነው ያለህ?

ተቀምጬ ብዙ አሰብኩ። እኔ ሐኪም ፊት መተኛት የለመድኩት ራያን ሳረግዝ ነው። ነኩኝ፣ መዘኑኝ፣ ደሜን ወሰዱ፣ የማላውቃት ሴት ሆዴ ላይ ጆሮዋን አደረገች። አፈርኩ፣ ግን ኀፍረቱ አልገደለኝም። አንተን ከልጅነትህ ወዲህ ማን ነክቶህ ያውቃል? ጀርባህን ማን አዳምጦት ያውቃል? ኩንታል ብቻ ነው የሚያውቀው ጀርባህ።

ይኸው፣ ሐምዱ ተነሳ። ውሃ ጠጥቶ ተመለሰ። ተቀመጠ። እሺ።

ሐምዱ በዒዳዬ ጊዜ የቡራዩን ሱቅ እየዘጋ ይመጣልኝ ነበር። ዱቄት፣ ዘይት፣ የቧንቧው ውሃ ሲጠፋ በጄሪካን ውሃ። ወንድምህ ጥሩ ሰው ነው፤ ስለዚህ ነው የሚያናድደኝ። ወደ ውስጥ አይገባም፣ ዕቃውን በረንዳው ላይ ያስቀምጥና ከመጋረጃው ውጪ ቆሞ ያናግረኛል። አንድ ቀን ደረጃውን ሲወጣ ከመጋረጃው ጀርባ ሰማሁት። መሃል ላይ ቆመ። ትንፋሹን ሰበሰበ። አንዴ፣ እንደገና። ከዚያ ቀሪውን ወጣና በጣም ጮክ ብሎ፣ “የራያ እናት! አሰላሙ አለይኩም!” አለ።

አንተ መሰልከኝ። ወላሂ፣ ለአፍታ አንተ መጣህ ብዬ ነበር። ፊቱን ባየው፣ ያን የሚስቅ ፊቱን፣ ምንም አልሰማም ነበር። ሳላየው ስለሰማሁት ነው ያወቅኩት።

“ለምን ቆምክ?” አልኩት።

“የት ቆምኩ?”

“ደረጃው ላይ።”

“ጄሪካኑ እኮ ከባድ ነው።”

“ዛሬ ያመጣኸው ፓስታ ነው፣ ሐምዱ።”

ሳቀ። “አይ፣ ጨጓራዬ ናት ባክሽ። ቁርስ ሳልበላ ወጥቼ ነው።”

መጋረጃውን ገልጬ አንገቱን ላንቀው ነበር። አልገለጥኩም። ጎህ ሲቀድ የተነሳሁ ያህል ነቃሁ ብቻ።

በሳምንቱ ሚስቱ ራህመት ልትጠይቀኝ መጣች። ፊቷ ያበራል። በለቅሶ ቤት መደሰቷ ከብዷት ልትደብቀው ሞከረች፣ አልቻለችም።

“ሐምዱ እኮ ተለወጠ” አለችኝ። “ሱቅ አትድረሺ ይለኝ የነበረው ሰውዬ፣ አሁን በየቀኑ ካልወሰድኩሽ ይለኛል። ብረቱን በዓይኔ ለይቼ አውቀዋለሁ። መርካቶ ያሉትን አከፋፋዮች ሁሉ አስተዋወቀኝ። ‘ማን እንደሚያታልልሽ ማወቅ አለብሽ’ ይለኛል።” ከዚያ አፈረችና ድምፅዋን ቀነሰች። “ከልቡ የወደደኝ አሁን ነው መሰለኝ።”

የያዝኩትን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ቀስ ብዬ። ምን ልበላት? ባልሽ እየወደደሽ አይደለም፣ እየተሰናበተሽ ነው ልበላት? ያን ደስታ እኔ አውቀዋለሁ። ቀምሼዋለሁ፣ ጣዕሙ አሁንም አፌ ላይ አለ።

“እሰይ” አልኳት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ታዲያ ዒዳዬ አለቀ። ሐምዱ ገና በለቅሶው ሰሞን፣ “ከዒዳ ስትወጪ የመጀመሪያ መንገድሽን እኔ ነኝ የማደርስሽ” ብሎኝ ነበር። ቃሉን አይበላም። ዛሬ ጠዋት ፒክአፑን በር ላይ አቁሞ ጠበቀኝ። ስወጣ ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ።

“ወዴት ልውሰድሽ?” አለኝ። “እማዬ ጋ? ገበያ?”

“ልብ ሐኪም ዘንድ።”

ፊቱ ተለዋወጠ። “ያምሻል?”

“ልቤን ነው። ለማንም እንዳትናገር።”

ውሸት አይደለም፣ አይደል?

መንገዱን ሙሉ መከረኝ፣ ኡዘይር። ብትሰማው! አለም ገና ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ስንቆም፣ “ደግ አደረግሽ፣ ሕመም መደበቅ ምን ያደርጋል” አለኝ። ፉሪ ጋ ስንደርስ፣ “ቀድሞ መታየት ነው የሚያዋጣው፣ የዛሬ ሕክምና ቀላል ነው፣ ሰው በከንቱ ነው የሚፈራው” አለኝ። መስኮቱን እያየሁ ከንፈሬን ነከስኩ። ይህን ሁሉ ያውቃሉ! አንድ በአንድ ያውቁታል! ለእኛ ሲሆን ያውቁታል።

ካርድ የምታወጣዋ ልጅ፣ “የታካሚ ስም?” አለች።

“ሐምዱ” አልኳት።

“አይ፣ እሷ ናት” አለ፣ ለልጅቷ ፈገግ ብሎላት። “ደንግጣ ነው። ሬሐና ብለሽ ጻፊው።”

“ሐምዱ በይው። ደረጃ መውጣት አቅቶታል፣ ግን ጨጓራ ነው ይላል።”

ልጅቷ እሱንም እኔንም አየችን። “ባልና ሚስት ናችሁ?”

“አይደለንም!” አልን፣ አብረን።

ከዚያ ገባው። ጆሮው ቀላ። ኮሪደሩ ውስጥ ድምፁን አፍኖ፣ በጥርሱ መሃል፣ “አሳፈርሽኝ” አለኝ።

“እፈር።”

“ሰው እያየን ነው።”

“ይየን። ካርዱ ወጥቷል፣ ተቀመጥ።”

“የራያ እናት፣ ወላሂ ጨጓራ ነው። የኛ ዘር ሁሉ ጨጓራ አለበት።”

“ለዚህ ነዋ ከናንተ ዘር አንድም ሽማግሌ የሌለው።”

የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። ሊሄድ ነው። እጁን አልያዝኩም፣ ልይዘውም አልችልም፣ ደግሞስ ምኑን ይዤ አስቀረዋለሁ። ያለኝን ብቻ አልኩት።

“ራህመትን ከአከፋፋዮቹ ጋር ለምን አስተዋወቅካት?”

“ማወቅ አለባታ።”

“ለምን?”

“ሰው... ነገ እኔ...” አለና ተወው።

“ኡዘይር መኪና አስተማረኝ” አልኩት። “በደንብ ነው የማሽከረክረው። ዛሬ ራሴ ነድቼ መምጣት እችል ነበር። ራህመትም በደንብ ትማራለች፣ ጎበዝ ናት። ሱቁን አታጠፋብህም፣ አይዞህ። ፈገግ ብላ ሁሉንም ትማርልሃለች፣ ከዚያ አንድ ቀን ተቀምጣ ለምን እንደተማረችው ታገጣጥመዋለች። የዚያን ቀን የምትሰድብህን ስድብ እኔ አሁኑኑ በቃሌ ልነግርህ እችላለሁ።”

ተቀመጠ። አንድ ወንበር ርቆ። ከዚያ ወለሉን እያየ፣ ያ ሁልጊዜ ጮክ የሚለው ወንድምህ፣ እኔ እንኳ በግድ በምሰማው ድምፅ፣ “አለብህ ካሉኝስ?” አለ። “አለብህ ካሉኝ ከዛሬ ጀምሮ በሽተኛ ነኝ። ከባድ አታንሳ፣ ጨው አትብላ። ራህመት ልጅ ናት። ልጅ አድርጋ ትይዘኛለች። ስታየኝ ሰው አልመስላትም።”

እና ያኔ ገባኝ፣ ኡዘይር። ገብቶኝ ባልገባኝ አልኩ። አንተም ይህን ነበር የፈራኸው? እኔን? ሞትን ሳይሆን የእኔን ዓይን? ታምሜ ከሚያዩኝ ሙሉ ሆኜ ልቀበር አልክ? ሃያ ዓመት ስትጠጣ ስትበላ ስትተኛ አይቼሃለሁ፤ ሲያስመልስህ ባልዲ ይዣለሁ፤ አባትህን ስትቀብር እንደ ጥጃ ስትጮህ አይቻለሁ። የትኛው ቀን ነው ያነስክብኝ? አንዱን ቀን ጥራው! በርበሬ የሌለው ወጥ አብሬህ በላሁ እኮ። እድሜ ልኬን እበላው ነበር። ለማን ብለህ ነው የቆጠብከኝ? ግማሽ ልብ ያለው፣ ደረጃ የማይወጣ፣ ተነጫናጭ ባል እኔ አልፈልግም ብሎ የነገረህ ማነው? ሳትጠይቀኝ መለስክልኝ። ስለ እኔ፣ በእኔ ፈንታ፣ ብቻህን ወሰንክ። ከመሞትህ ይልቅ ይሄን ነው ይቅር ለማለት ያቃተኝ።

ለሐምዱ ይህን ሁሉ አላልኩትም። “ራህመት ከምታስታውስህ ብትታመምባት ትመርጣለች” ነው ያልኩት። ቁልፉን ወደ ኪሱ መለሰው።

አሁን ተቀምጠናል። ከፊታችን ሴቶች ብቻ ናቸው፣ ሁሉም ሴቶች፣ አንዲት አሮጊት ከሴት ልጇ ጋር፣ ልጅ ያዘሉ ሁለት እናቶች፣ አንዲት ነፍሰ ጡር። ተራቸውን እየጠበቁ በአካባቢያቸው ስላለ ውሃ መጥፋት ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ። ሐምዱ ብቻውን ወንድ ነው። እግሩን አጥፎ፣ እጁን ብብቱ ስር አድርጎ፣ የተቀጣ ተማሪ ይመስላል።

ዱዓዬን አላቋረጥኩብህም፤ በየሰላቱ ስምህን አነሳለሁ። ቁጣዬንም አላቋርጥም፣ ሁለቱም አብረው ይመጡልሃል፣ አንዱን ተቀብለህ ሌላውን መመለስ አትችልም። ይቅር ያልኩህ ቀን እጽፍልሃለሁ። ዛሬ ግን ጊዜ የለኝም፣ በሕይወት ያለ ሰው ይዣለሁ።

ሚስትህ፣ ሬሐና

ጠሩት።

ሁለቴ ነው የጠሩት፤ በመጀመሪያው አልተነሳም። በሁለተኛው ተነሳ፣ ሱሪውን አስተካከለ፣ እኔን ሳያይ ገባ። ክፍሉ ከፊት ለፊቴ ነው፣ በሩ ገርበብ እንዳለ ነው። ይታየኛል። ሐኪሟ ሴት ናት፣ ፀጉሯን በእርሳስ አስራዋለች። ወንበሩን አሳየችው። ጠርዙ ላይ ተቀመጠ።

“እሺ፣ ኦቦ ሐምዱ” ብላ በኦሮምኛ አከበረችው፤ ካርዱ ላይ ቡራዩን አይታ መሰለኝ። “የት ጋ ነው የሚያምዎት?”

ኮሪደሩ ላይ ሴቶቹ ያወራሉ። ሐምዱ ራሱን ቀና አደረገ። ቀኝ እጁ ከጭኑ ላይ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ወደ ላይ፣ ሸሚዙ ላይ፣ በሆዱና በደረቱ መሃል ደረሰ፣

ነርሷ በሩን ዘጋችው።